ሚሊሜትር የተረጋጋበት ዓመት

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሌላው ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ነው። ሥራው ጫማ መሥራት ነው፤ ግን ከመንገድ ዘው ብለው ገብተው «አርባ ሁለት ቁጥር ስጠኝ» የሚሉት ዓይነት ጫማ አይደለም። የሚሠራው አንድ እግሩ ላጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ለተጣመመ፣ በስኳር በሽታ ጣቶቹን ላጣ ሰው ነው። የአንዱ እግር ሶል ከሌላው በስንት መወፈር እንዳለበት ይለካል፤ ደግሞ ይለካል፤ ራሱን ካላመነ ለሦስተኛ ጊዜ ለክቶ ነው ለሙሌት የሚገባውን ቡሽ የሚቆርጠው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፣ ግማሾቹ በአድናቆት፣ ግማሾቹ በብሽቀት።

መበሸቃቸው አይፈረድባቸውም። ሚሊሜትር ጫማውን ካስረከበ በኋላ ሥራው አያልቅም ነበር። ደንበኛው አመስግኖ ሲወጣ ሽርጡን እንደታጠቀ ይከተለዋል። ከሱቁ እስከ ማዕዘኑ ፋርማሲ ሰባ እርምጃ ያህል አለ፤ እዚያ ድረስ ከኋላ ከኋላ እየሄደ ተረከዝ ተረከዙን ያያል። ዳሌው ትንሽ ዘንበል ካለ ጉድ ፈላ። «ቁም! ቁም ብያለሁ!» ብሎ በሰው መሀል ይጮሃል። ዳኛ ይሁን ሐኪም ግድ የለውም፤ ሰውዬውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጫማውን አስወልቆ ይዞት ይመለሳል። አንዲት ወይዘሮ በካልሲዋ አስፋልት ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚው የሳቀባትን ዛሬም እያነሳች ትራገማለች። ወደ ሌላ ጫማ ሠሪ ግን ሄዳ አታውቅም።

እቤትም ያው ነው። ሠርግ ሲጠራ ሙሽሪትን ትቶ የእንግዳውን ተረከዝ ሲገመግም ያመሻል። አንድ ሶል በሁለት ሚሊሜትር ከተሳሳተበት እራት አይቀምስም፤ ካልቀመሰ ይነጫነጫል፤ እሱ ሲነጫነጭ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላው ደም ግፊቱ ጣሪያ ነካ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈለትና፣ «ንዴትህን ካልቀነስክ እኔም መድኃኒቱም ከንቱ ነን» ሲል ቁርጡን ነገረው።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ከሱቁ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ የታይፕ አስተማሪ ይኖራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ስምንት ሰው ሰብስበው የጥንት የህንድ ጠቢባንን የዮጋ ፍልስፍና ያስነብባሉ። ሚስቱ እጁን ይዛ ወሰደችው።

«ዮጋ ማለት እግርን አንገት ላይ መስቀል አይደል እንዴ?» አለ ሚሊሜትር ገና ከበሩ። «የኔ ደንበኞች እንኳን አንገታቸው ላይ መሬትም ላይ ማሳረፍ ተቸግረዋል።»

«እግርህን አንነካብህም» አሉት ጋሼ። «የምንጀምረው ከጠባይህ ነው።»

የተባዛ ወረቀት ሰጡት። ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ሌላውን አለመጉዳት፣ ቀጥሎ እውነትን መናገር፣ ከዚያ አለመስረቅ እያለ ይሄዳል። ሚሊሜትር እነዚህን ገረፍ ገረፍ አድርጎ አለፋቸው። ማንን ጎድቶ ያውቃል? የሰውን እግር ሲያቃና የኖረ ሰው! ልቡን የማረከችው ከሁለት ወር በኋላ የመጣች ትምህርት ናት፤ ሥራህን በሙሉ ልብህ ሥራ፣ የሥራህ ፍሬ ግን ያንተ አይደለምና አትጨነቅበት የምትል። ይህቺን ሲሰማ ከትከሻው ላይ ኩንታል የወረደለት መሰለው። በእጅ ጽሑፉ ገልብጦ ከመስፊያ ማሽኑ በላይ ለጠፋት።

ለውጡ የሚያስገርም ነበር። ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ሰው ሲቀድመው ድሮ ቆሽቱ የሚያር ሰውዬ አሁን ዓይኑን ጨፍኖ እስትንፋሱን ይቆጥራል። እንዲያውም አንድ ቀን ሲቆጥር ተራው አልፎት ከሰልፉ ጭራ ጀምሯል፣ ያውም እየሳቀ። ደንበኛ ሲመጣ ጫማውን በሁለት እጁ ያስረክባል፣ «በጤና ይራመዱበት» ይላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እስከ ፋርማሲው መከተል ቀረ። ለምን ይከተል? እሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ፍሬው የሱ አይደለም። ደም ግፊቱ ወረደ፣ ሐኪሙ በመገረም ሁለት ጊዜ ለካው። ሚስቱ ለጎረቤት፣ «አሁን ቤታችን ቤት ሆነ» አለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች የሚባለውን ተረት በዚያ ሰሞን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የተደሰተችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስምንት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። አሳድጋዋለች፣ አስተምራዋለች፣ በሱ ምክንያት ትዳሯንም እንዳሳለፈች ዘመድ ያወራል። እሷ ግን አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። በልጅነቷ ዳሌዋን ታማ ግራ እግሯ በሦስት ሴንቲሜትር ተኩል አጥሮ ቀርቷል። በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነው የምትሠራው፤ ጠመኔና ደብተር እያወጣች፣ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ዕድሜዋ አለቀ። ሚሊሜትር ይህን ሙያ የተማረውም ለሷ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ሥራው የእህቱ ጫማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ጥንድ ይሠራላታል። በየዓመቱም ባዶ እግሯን ያቆማትና ካጠረው እግሯ ሥር ስስ ስስ ጣውላ እየደራረበ፣ ዳሌዋ እኩል እስኪሆን ይለካታል። «እትዬ፣ አትንቀሳቀሺ!» እያለ ይቆጣታል፤ እሷም ትስቃለች።

በተረጋጋበት ዓመት ግን አለካትም። ካርዷን ከመሳቢያ አወጣ፤ ግራ እግር፣ ሦስት ተኩል ይላል። ሃያ ሰባት ዓመት ያልተለወጠ ቁጥር ዘንድሮ ምን አገኘው? እንደገና መለካቱ ያው የድሮ ጭንቀቱ፣ ያው ለፍሬው መጓጓት መሰለው። ቡሹን በቁጥሩ ልክ ቆርጦ፣ ቆዳውን በጥንቃቄ ሰፍቶ፣ አስረክቧት ተቀመጠ። እህቱ ግን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። ስንት ዘመን የተሸከማት ደህናው እግሯ ጉልበቱ ላይ መጉበጥ ጀምሯል፤ የሁለቱ እግሮች ልዩነት በአንድ ሴንቲሜትር ጠቧል፤ አዲሱ ሙሌት በዚያው ልክ ይበዛባታል። ፋርማሲው ድረስ ቢከተላት በአሥረኛው እርምጃ ያየው ነበር።

አንድ ወር ያህል ቆይታ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ መጣች። አመጣጧ ለጨዋታ አልነበረም፤ ያን ዛሬ ያውቀዋል።

«ይቺ ጫማ እኮ ትንሽ...» አለች ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች።

ሚሊሜትር ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። «እትዬ፣ እኔ የምችለውን ሠርቻለሁ። የቀረውን እግርሽ ይለምደዋል። ሕመም ላይ ባተኮርሽ ቁጥር ይብሳል፤ ነይ እስቲ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች። አሥር ጊዜ አስተነፈሳት። እሷም ጀርባዋን አቅንታ፣ ጫማዋን እንደተጫማች፣ እንደ ታዛዥ ተማሪ አሥር ጊዜ ተነፈሰች። ስትጨርስ፣ «አሁን ተሻለሽ?» አላት።

«አዎ የኔ ልጅ፣ ተሻለኝ» አለችው።

ቅዳሜ እለት ይህንኑ ለጋሼና ለጓደኞቹ ተረከላቸው። ጥንታዊውን ትምህርት በዛሬው ኑሮ እንዴት እንደሚሠራበት ማሳያ አድርጎ ነበር ያቀረበው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን በራሱ ደስ ብሎት ነበር ወደ ቤቱ የሄደው።

ጫማው በተሠራ በስምንተኛው ወር፣ ረፋድ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። እህቱ የደብተር ካርቶን ይዛ ደረጃ ስትወርድ ወድቃለች። ሆስፒታል ሲደርስ ወደ ቀዶ ጥገና አስገብተዋታል፤ የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ሥር ተሰብሯል። አንዲት ነርስ የእህቱን ልብስና ጫማ በፌስታል አድርጋ አስረከበችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ፌስታሉን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ሚሊሜትር ግን ጫማ ሳያይ አያልፍም። አወጣው። እሱ ባለፈው የሠራው አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሠራላት ነው። ሙሌቱ ከማለቁ የተነሳ ዝቅ ብሏል፣ ሶሉ እንደ ሳህን ልሙጥ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጫማ ሲሚንቶ ደረጃ መውረድ በሳሙና ላይ እንደመራመድ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገላብጦ አገላብጦ አየው።

የሌሊት ልብሷን ሊያመጣ ቤቷ ሄደ። አዲሱ ጫማ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ገለበጠው። የስምንት ወር ጫማ ነው፣ ሶሉ ግን ቢበዛ የአሥር ቀን መንገድ ነው የሄደው። ሶል ማንበብ እንጀራው ነውና ለማንበብ ጊዜ አልፈጀበትም። እህቱ ይህን ጫማ የምታደርገው እሱ ዘንድ ስትመጣ ብቻ ነበር።

«አውቅ ነበር» አለችው ሚስቱ ማታ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ። «ጎኗን ይወጋታል። እኛ ቤት ስትመጣ ታደርገውና ስትመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ከቦርሳዋ አውጥታ ትቀይራለች። አንድ ቀን አየኋት።»

«አውቀሽ ዝም አልሽኝ?»

«እሷ ናት ያስማለችኝ። ‹ወንድሜ ገና አሁን እንቅልፍ መተኛት ጀምሯል፤ ደሙ ተመልሶ ቢወጣ በማን ይፈረዳል?› አለችኝ። እኔስ ምን ልበል? እኔም ፈርቼ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሚሊሜትር ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ትከሻዋን ሰብሰብ ስታደርግ አይቶ ዘጋው። ለካ እሱ የተረጋጋው ሌሎቹ ሕመማቸውን ስለደበቁለት ነው። ለካ ቤቱ በጣት ጫፍ መራመዱን አልተወም፤ አረማመዱን ነው ያሳመረው። ከራሱ በላይ የሚያፍርበት ሰው አጣ። በተለይ አሥሩ እስትንፋስ እየመጣ ያቃጥለዋል። ሰው እህቱን ሊመታት ይችላል፣ ተቆጥቶ ሊሰድባት ይችላል፤ የሚያማትን ልትነግረው ስትመጣ ዓይኗን አስጨፍኖ የሚያስተነፍስ ግን ምን ዓይነት ፍጡር ነው? በእሷ አጥንት ነበር ሲረጋጋ የከረመው።

በማግስቱ ከማሽኑ በላይ የለጠፋትን ወረቀት ገንጥሎ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ጋሼ በር ከፍተው ፊቱን ሲያዩ ወንበር ሳቡለት። አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሲጨርስ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

«ውሸት ነው ያስተማሩኝ» አለ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያን ቀን ስትተርክልን እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ» አሉ። «ይሄ የኔ ነው፤ አንተ ላይ አልጥለውም።» ትንሽ ቆዩና ወረቀቷን አነሱ። «ፍሬው ያንተ አይደለም ይላል። ያንተ ካልሆነ የማን ነው? ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ፍሬው የእህቱ ነበር። በጎኗ፣ በጉልበቷ፣ በጀርባዋ የተሸከመችው እሷ ነበረች። ይህ የገባው ፍሬው ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ደግሞ አለመጉዳት የሚለው ደረጃ ከሁሉ በፊት የተቀመጠ ነበር፣ ገረፍ አድርጎ ያለፈው። ሁለቱም ሻይ ሳይጠጡ ብዙ ተቀመጡ።

እህቱ ነቅታ መናገር ስትችል አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃት። ሳይለካት መሥራቱን፣ ሳይከተላት መቅረቱን፣ ልትነግረው ስትመጣ ማስቆሙን አንድ በአንድ ዘረዘረ። እሷ ፀጉሩን ዳሰሰችው።

«ምን አደረግከኝ? ደረጃው ነው የጣለኝ። ይልቅ መድኃኒትህን ውጠሃል?»

ምነው ሰድባው ቢሆን! ይቅርታዋ ፈጥኖ ስለመጣ አልገባ አለው። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ እየሄደ ወተት አፈላላት፣ ክንዷን ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር አመላለሳት፣ መስኮቷን ጠረገላት። በደሉ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር በየእርምጃው ይቆረቁረዋል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሐኪሙ ምርኩዙን ትታ በጫማ መሄድ ትችላለች ያለ ቀን፣ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ጫማ ይሠራላታል። አሥር ጊዜ ይለካል፤ ፋርማሲው ድረስ ብቻ ሳይሆን ከተማውን ሙሉ ይከተላታል። በዚያ ጫማ ጥፋቱን የሚክስ መስሎት ነበር።

ሐኪሙ የፈቀደ ቀን ስስ ጣውላዎቹን በከረጢት ይዞ ቤቷ ደረሰ። እህቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጣውላዎቹን ስታይ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«እንደው ላስቸግርህ» አለች። «ይሄኛውን ሌላ ሰው ይሥራልኝ።»

ሚሊሜትር ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ። «አላመንሽኝም እትዬ?»

«ሥራህንማ ከአንተ በላይ የሚያውቀው አለ ወይ?» አለችና ቃል ፈለገች። «ለሌላ ሰው ቢሆን ያመኛል ማለት እችላለሁ። ላንተ አልችልም። ብሞክር እንኳ አፌ አይከፈትም። አትቀየመኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሊለምናት ፈልጎ ነበር። ቢለምናት ደግሞ እሺ እንደምትለው ያውቃል፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እሺ ስትለው ነው የኖረችው። ስለዚህ ጣውላዎቹን ወደ ከረጢቱ መለሰና፣ «እሺ» አለ እሱ።

በከተማው ይህን ሙያ የሚያውቅ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሚሊሜትር ቶሎ-ቶሎ ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ጫማ በሦስት ቀን ያደርሳል ብሎ ሃያ ዓመት ሲያማው ኖሯል። ማክሰኞ ጠዋት እህቱን ደግፎ ወደ ቶሎ-ቶሎ ሱቅ ገባ። ቶሎ-ቶሎ ሲያየው የያዘው ወስፌ በእጁ ቀረ፤ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ ለሁለቱም ወንበር ሰጠ። ለእህቱ የደንበኛውን፣ ለሱ የአስታማሚውን።

«ያለፈውን ጫማ አምጥታችኋል?»

እህቱ ከቦርሳዋ አወጣችው። ቶሎ-ቶሎ ሶሉን አየ፣ ሙሌቱን በማስመሪያ ለካ፣ ባዶ እግሯን አስቁሞ ዳሌዋን አየ፣ እንደገና ጫማውን አየ።

«ስፌቱ ግሩም ነው» አለ። «ልኩ ግን ገና ሲሠራም ያንቺ አልነበረም። ማነው የሠራው?»

«ኧረ እሱ... ከገበያ የተገዛ ነው» አለች እህቱ ፈጠን ብላ።

«እኔ ነኝ» አለ ሚሊሜትር። «ሳልለካ ነው የሠራሁት።»

ቶሎ-ቶሎ ቢፈልግ የሃያ ዓመት ሐሜቱን ባንዲት ቃል ሊመልስለት ይችል ነበር። ወደሱ ዞር እንኳ አላለም። በርጩማውን ስቦ እህቱ ፊት ተቀመጠና አዲስ ካርድ አውጥቶ እርሳሱን አዘጋጀ።

«ያምሽ ነበር?» አላት።

እህቱ ወንድሟን አየችው። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ዓይኗን ከሱ ላይ አንስታ ለቶሎ-ቶሎ ትነግረው ጀመር፤ ገና በመጀመሪያው ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ሳትደርስ ጎኗን እንደወጋት፣ በሳምንቱ ጀርባዋን እንደያዛት፣ በግራ ጎኗ መተኛት እንዳቃታት፣ ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ወንበር ትገፋ እንደነበር፣ አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ በር ዘግታ እንዳለቀሰች። ሚሊሜትር በአስታማሚው ወንበር ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ሰማ። በስምንቱ ወር ውስጥ የሆነውን ሁሉ፣ ለወንድሟ ልትነግረው የመጣችበትን ቀን ጭምር፣ ነገረችው። ድምጿ መጀመሪያ ይቆራረጥ ነበር፤ እየቆየ ግን ጠና። ቶሎ-ቶሎ እየጻፈ እስክትጨርስ ድረስ አላቋረጣትም።